ለድንች የተፈቀደው ሣር

በደቡብ ጎንደር ደጋ አንድ አባወራ ኑሮው መሻሻሉን ለማስረዳት ብዙ ማውራት አያስፈልገውም። «ቆርቆሮ ቤት ሠርቻለሁ» ካለ ሰሚው ገብቶታል። ለልጁ ሽማግሌ ሲልክ የሚጠቀስለት እሱ ነው፤ የቀበሌ ሪፖርት የሚያሞግሰውም እሱን ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጣሪያውን ዓይነት እየጠየቀ መዝግቧል፤ የቤተሰብን የሀብት ደረጃ የሚያወጡ ጥናቶችም ቆርቆሮን ከፍ፣ ሣርን ዝቅ አድርገው ያሰላሉ። እምነቱ ከገበሬው እስከ ባለሙያው አንድ ነው፦ ሣር ድህነት፣ ቆርቆሮ ሥልጣኔ። ቆርቆሮው ከተመታ ደግሞ የቤት ነገር አበቃ።

ከዚህ እምነት ጎን ሌላ ተደግፎ የቆመ አለ። ኢንሱሌሽን የሚባለው፣ ማለትም ሙቀት፣ ድምፅና ኤሌክትሪክ ወዳልተፈለገ ቦታ እንዳይሻገሩ የማገድ ሥራ፣ በረዶ ለወራት የሚከመርባቸው የፈረንጅ አገሮች ጣጣ ነው ይባላል። እኛ ፀሐይ አለን፤ ለእኛ ግድግዳና ክዳን ይበቃል። ይህንን ከተማረ ሰው አፍ ስሰማው ይገርመኛል፤ ብዙ ጊዜ ሲናገረው ጋቢውን እየተከናነበ ነውና።

እኔ የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው። በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ባለው ደጋ ቆርቆሮ ብቻውን የተመታበት ቤት ገና ያላለቀ ቤት ነው። ያላለቀውን አለቀ ብለን ስለተቀበልን ብርዱን በማገዶ፣ ጫጫታውን በትምህርት ሰዓት፣ የተላጠውን ሽቦ በሰው ሕይወት እየከፈልን እንኖራለን። ሣር ቤት ይመለስ አልልም። ሣሩ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ዝናብ ይከለክላል፣ ሙቀትና ድምፅ ያግዳል። ቆርቆሮ የመጀመሪያውን ተረከበ፤ ሁለተኛውን ማንም አልተረከበም።

ከፀሐዩ እንጀምር። «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ሀብተሥላሴ ታፈሰ ያወጡት ቱሪስት ለመጥራት ነበር፤ ለዚያ ሥራ የሚደነቅ መፈክር ነው። የቤት አሠራር መመሪያ እንዲሆን ግን ያሰቡት አይመስለኝም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ቀኑና ሌሊቱ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቀዋለች፤ መልሶ የሚይዝላት ደመና ስለሌለ ሲነጋ ባቄላው ላይ ውርጭ ይታያል። ገበሬው ያንን ውርጭ በማሳው ሲያየው ጠላት ይለዋል። ያው ውርጭ ከልጆቹ አናት በላይ ባለው ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ግን ምንም አይለውም።

የቆርቆሮ ጠባይ ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ገዢ ገንዘብ ሲያጥረው የሚወስደው ደግሞ የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ብረት ሙቀትን ከደረቅ ሣር በብዙ መቶ እጥፍ ያሳልፋል። ስለዚህ ቀን ፀሐይ ሲያርፍበት ግሎ ሙቀቱን እታች ላለው ሰው ያወርደዋል፤ ማታ ሰማዩ ሲጠራ ከውጭው አየር እንኳ በልጦ ይበርዳል። ቤተሰቡ ተኝቶ ሲተነፍስ፣ ድስቱም ሲተን፣ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከቀዘቀዘው ብረት ጋር ይገናኝና ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ሌሊት ጠብታ የወረደበት ሰው ቆርቆሮው አፈሰሰ ብሎ ጠዋት አናጢ ይጠራል። አናጢው ወጥቶ ቀዳዳ ቢፈልግ አያገኝም፤ የወረደው የቤተሰቡ ትንፋሽ ነውና። ሚስማሩን መትቶ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ጥርት ያለ ሌሊት ነገሩ ይደገማል።

የሣሩን ክዳን እንይ። ባለሙያ የከደነው ጎጆ ላይ ያለው ሰንበሌጥ ከስንዝር በላይ ይወፍራል። በየአገዳው ውስጥና በአገዳዎቹ መካከል አየር ተይዞ ይቀራል፤ መሄጃ ያጣ፣ የቆመ አየር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ግድግዳውም እንዲሁ ነው። ጭቃው በጭድ ተቦክቶ፣ ሰንብቶ፣ ተረግጦ በቋሚና በማገር ላይ ሲመረግ ጭዱ ጭቃውን ከመሰንጠቅ ብቻ አይደለም የሚያድነው፤ በውስጡ አየር ይዞ ብርዱንም ያዘገየዋል። ዛሬ በከተማው በዚያ ፋንታ የሚገባው ብሎኬትና የላሜራ በር ነው። ላሜራ በር ማለት ደግሞ የቆመ ቆርቆሮ ነው።

የደጋ ሰው ይህን አያውቅም የሚል ካለ የሰውየውን ልብስ ይመልከት። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት። አራቱን ድርብ አንድ ላይ ጠቅጥቆ አንድ ወፍራም ሸራ ማድረግ ይቻል ነበር፤ እንደዚያ ቢሆን ግን አያሞቅም፤ የሚያሞቀው በድርቦቹ መካከል ያለው ነው። የጋይንት እረኛ ደበሎ የሚደርበው፣ ሽማግሌው በርኖስ የሚለብሰው፣ መደብ ላይ አጎዛ የሚነጠፈው በዚሁ ምክንያት ነው። መደቡ ከመሬት የመጣ ብርድ አለበትና የበጉ ፀጉር በመካከል ይገባል። ንብ አናቢውም ቀፎውን በእበት ለቅልቆ በሣር ይከድነዋል፤ ያለዚያ ንቡ ጥሎት ይሄዳል። ሰው ጥሎ የሚሄድበት ስለሌለው ነው መሰል ለእሱ አልተጨነቅንም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የድንች ነገር ነው። ፋርጣና ላይ ጋይንት የድንች አገር ናቸው። የግብርና ባለሙያ ለዘር የሚሆነውን ድንች እንዴት ማቆየት እንደሚገባ ሲያስተምር ብርሃን በየጎኑ ተበትኖ የሚገባበት፣ ርብራብ መደርደሪያ ያለው፣ ጣሪያው ሣር የሆነ ማከማቻ ያሠራል። ለምን ሣር ቢባል መልሱ ዝግጁ ነው፤ ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ዘሩ ይጨማደዳል፣ ሣር ግን አየሩን ልከኛ አድርጎ ያቆየዋል። ትክክል ብሏል። በሌላ ቀን እዚያው ጎጥ ሞዴል አርሶ አደር ሲመረጥ ግን ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ሰውየው ቆርቆሮ ቤት መሥራቱ ነው። የድንቹን ጣሪያ የመረጠው ዕውቀት ሰውየው ደጃፍ ሲደርስ የት ገባ? ድንቹን የሚያጨማድደው ሙቀት ልጅ ላይ ሲወርድ ልማት የሚሆነው በየትኛው ስሌት ነው?

አሁን ለተቃዋሚዬ ተገቢውን ልስጠው፤ ብዙ እውነት አለው። ለሣር ክዳን ጠበቃ የሚቆም ሰው ቢኖር የምትረታው ራሷ ደብረ ታቦር ናት። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለዋት ነው የሄዱት፤ በሣር የተከደነ ከተማ ለማቃጠል ብዙ ድካም አይጠይቅም። ጦር ባይመጣ እንኳ ከጉልቻው የተነሣች ፍንጣሪ ትበቃለች። ሣር በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፤ የግጦሹ መሬት ታርሶ፣ የቀረው ባሕር ዛፍ ተተክሎበት፣ ሰንበሌጥ የሚታጨድበት ቦታ ጠፍቷል። ቁንጫውም፣ አይጡም፣ ጥላሸቱም አለ። ከቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የዝናብ ውኃ በበርሜል ተጠራቅሞ ለቤት ይሆናል፤ ከሣር ላይ የሚወርደው ጠላ መስሎ ነው። እናቶች ቆርቆሮን የወደዱት ተታለው አይደለም። በእንግሊዝና በሆላንድ ዛሬ የሣር ክዳን የባለጸጋ ቤት ጌጥ ሆኗል፤ ይህንን ይዞ «ፈረንጅ እንኳ ወደ ሣር ተመለሰ» የሚለን ሰው ግን ከኮርኒስ በላይ ምን እንደ ጎዘጎዙና ኢንሹራንሱን ማን እንደሚከፍል አብሮ ይንገረን።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝናብን ለመከልከል ቆርቆሮ ከሣር ይሻላል። ስለ ብርዱ፣ ስለ ድምፁ ምንም አላለም። የተለመደው ክርክር የሚያጭበረብረው እዚህ ላይ ነው፤ በአንዱ ሥራ ያሸነፈውን በሁለቱም እንዳሸነፈ አድርጎ ያቀርበዋል። የተጎረበጠ ቆርቆሮ በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1829 እ.ኤ.አ. ነው፤ መጀመሪያ ያገለገለው ለመርከብ ወደብ መጋዘን ነበር። ለዕቃ የተሠራ ነው። በኋላ ሰው የሚያድርበት ሲሆን ፈረንጆቹ ከሥሩ እንጨት ለበጡ፣ ሌላም ጎዘጎዙ። ወደ እኛ የመጣው ግን ብቻውን ነው፤ ባልንጀራው መንገድ ላይ ቀረ።

ብርዱን የሚያስታግስልን ሌላ ነገርም ነበር፤ እሱንም በበጎ ምክንያት አስወጣነው። በደጋው ብዙ ቤት ከብትና ሰው አንድ ክዳን ሥር ያድሩ ነበር፤ ጋጡ ከምድጃው ብዙ አይርቅም። የላምና የበሬ ገላ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይሰጣል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ እየዞሩ ከብት ከሰው ይለይ ብለው አስተማሩ፤ ለጤና ትክክለኛ ትምህርት ነው፣ አንድም ቃል አልቃወመውም። ነገር ግን በአንድ ዘመን ውስጥ ሣሩን አነሣን፣ ከብቱን አስወጣን፣ በሁለቱ ፋንታ አንዳች አላስገባንም። ከዚያ በኋላ እናት «ይኼ ቤት አይሞቅም» ስትል የምትሰማው መልስ ማገዶ ጨምሪ የሚል ነው።

ማገዶው ከየት ይመጣል? ከባሕር ዛፉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከኩበቱ። ፍግ ሆኖ ማሳ ላይ መበተን የነበረበት እበት ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ምድጃ ይገባል። በፋርጣ ተዳፋት ላይ አፈሩ በየክረምቱ ታጥቦ ሲሄድ እናውቃለን፤ የቀረውን የሚያበረታው ፍግ ደግሞ በቆርቆሮው በኩል ወደ ሰማይ ይወጣል። የአፈር ልማት ባለሙያው እርከን ያሠራል፣ የእርሻ ባለሙያው ማዳበሪያ ያመጣል፤ የጣሪያው ነገር የሁለቱም ሥራ ስላልሆነ ማንም አይጠይቅበትም። ኢንሱሌሽን የቅንጦት ነገር ነው የሚለኝን ሰው እዚህ ማሳ ዳር አቁሜ ብጠይቀው ደስ ይለኛል፤ አንድ ቤተሰብ ማዳበሪያ በብድር እየገዛ ፍጉን ለሰማይ የሚያነድደው ቅንጦት ካልሆነ ምን ይባላል?

ማድቤት ውስጥ ጥፋቱ የባሰ ይታያል። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድድ እሳት አብዛኛውን ሙቀቱን ለአየር ነው የሚሰጠው፤ ምጣዱ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የወጣው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን በሲሚንቶና በቀላል ድንጋይ ግድግዳ ስለከበበ ብቻ ለእንጀራ የሚሆነውን ማገዶ እስከ ግማሽ ቀነሰ። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃም ብልሃቱ ያው ነው፤ በቆርቆሮው ውስጥ የሸክላ ልባጭ ገባበት። ሁለቱም ውስጥ አዲስ ነዳጅ የለም፣ ሞተር የለም። ያለው ሙቀቱን አታውጣ የሚል ግድግዳ ነው። ጥቅሙን የማይመሰክር መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የለም፤ ያንኑ ሐሳብ ከምድጃው አንሥተው ወደ ጣሪያው ሲያመጡት ግን የፈረንጅ ጣጣ ይሆናል።

ይህ አገር የሙቀትን ግድግዳ ለመማር ውጭ መሄድም አያስፈልገውም ነበር። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራተኞች ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እዚያ ያቀለጡት በማገዶ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የምድጃው ግድግዳ እሳቱን ውስጥ ይዞ ካላቆየ ምንም ያህል እንጨት ቢማገድ ብረታ ብረት አይፈስስም። ስለ መድፉ ጉልበት፣ ስለ ጎተተው ሕዝብ ብዛት ብዙ ተወርቷል። ስለ ምድጃው ግድግዳ ሲነገር አልሰማሁም።

ወደ ማድቤቱ ስንመለስ፣ በ2,700 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና ሽንብራ የሚያዘገየው እሱ ነው፤ ንፍሮ ለመቀቀል ከቆላው ሰዓት ይበልጣል፣ ማገዶውም እንዲሁ። ድስቱ ከፈላ በኋላ ከእሳት ወርዶ ዙሪያውን በጭድ በተጠቀጠቀ ሳጥን ወይም ቅርጫት ውስጥ ታፍኖ ቢቀመጥ በያዘው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ ያጠራቸው አውሮፓውያን ሴቶች በዚህ ሣጥን ያበስሉ ነበር። ጭድ ካለው ሰው በላይ ለዚህ ሥራ የታደለ ማን አለ?

የኤሌክትሪክ ምጣድ የገባበት ቤት ተገላግሏል እንዳይባል ደግሞ እሱም አለ። ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይጠጣል፤ ብዙዎቹ ከሥራቸው ባዶ ላሜራ ናቸው። እንጀራውን ከላይ የሚያበስለው ሽቦ ወደ ታች ጠረጴዛውንም ያበስላል። ቆጣሪው ሁለቱንም ይቆጥራል። አምራቾቹን አልወቅስም፤ ገዢ ሲመጣ የሚጠይቀው ስፋቱንና ዋጋውን ነው፣ ከሥሩ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

ወደ ድምፁ ልለፍ። ደብረ ታቦር ክረምቷ ከባድ ነው፤ በረዶም ይጥላል። ስስ ብረት በማገር ላይ ተወጥሮ ሲቸነከር ከበሮ ሆኗል፤ እያንዳንዱ ጠብታ ይመታዋል። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ዝናብ ሲወርድ መምህሩ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ በመጨረሻ እጁን አጣምሮ ይቆማል። ሰኔ ላይ ፈተና ሲደርስ፣ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ዝናቡ ገና አለ። ይህንን የባከነ ጊዜ በትምህርት ጥራት ጥናት ውስጥ ፈልጌ አላየሁትም፤ መምህሩ ላይ፣ መጽሐፉ ላይ፣ ተማሪው ላይ ግን ብዙ ይጻፋል።

ከዚሁ ከዞናችን ያለ ሌላ ትምህርት ቤት ላስታውስ። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት። እዚያ የሚሰጠው ትምህርት በጆሮ ነው። መምህሩ የተማሪውን ዜማ ሰምተው የአንዲት ድምፅ መውደቅና መነሣት ያርማሉ። ይህ ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት በዚያው ክረምት ውስጥ የተካሄደው በሣር ጎጆ ሥር ነው፤ ሣር ዝናብን የሚቀበለው ድምፁን ዋጥ አድርጎ ነው። ይህን የማመጣው ያለፈውን ለማወደስ አይደለም፤ የቆሎ ተማሪ ጎጆ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የኖረበት ያውቀዋል። ነገር ግን ዜማ በሚማሩበት ቤት ያልጠፋ ጸጥታ ሒሳብ በሚማሩበት ቤት መጥፋቱ እድገት አይደለም።  

ኤሌክትሪክ ላይ ስንደርስ ማንም የሚከራከረኝ አይመስልም። ሽቦ ሽፋን ያስፈልገዋል ብሎ የማያምን የለም፤ ምሰሶው ላይ ያለችው ስኒ ስትሰበር ሠፈሩ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ጥቅሟን ይማራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ወዲያው ይገድላል፣ ሙቀት ሲያመልጥ ግን በዓመት ውስጥ በቀስታ ያደኸያል። የሚገድለውን አክብረን የሚያደኸየውን ንቀናል።

ያከበርነውም በአፍ ነው። ከጎረቤት ቆጣሪ በአጠና ተደግፎ የሚሳበውን ገመድ፣ ፌስታል የተጠቀለለበትን መጋጠሚያ፣ በአንድ ዲቫይደር ላይ የተሰካውን ምጣድና ማሞቂያ ማን ያላየ አለ? ቆርቆሮው እዚህም ይገባል። የብርሃን መስመር በማገሩ ላይ ተዘርግቶ በቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ሲያልፍ ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ ጠርዙ ላስቲኩን ቀስ በቀስ ይገዘግዘዋል። አንድ ቀን መዳቡ ብረቱን ሲነካ ጣሪያው በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። መሬት የሚያወርድለት ኤርዝ ከሌለ ፊውዙ ላይቆርጥ ይችላል፤ ክረምት ግድግዳው ሲርስ፣ የላሜራው በር ከጣሪያው ጋር ተያይዞ ሲገኝ፣ እጁን የሚሰድ ልጅ ይጠብቃል። በሣር ቤት የተላጠ ሽቦ እሳት ነው፤ በቆርቆሮ ቤት የተላጠ ሽቦ ቤቱን ራሱን ሽቦ ያደርገዋል። ቆርቆሮን የሥልጣኔ ማኅተም ያደረገው ሰው ይህን የቤቱን ጠባይ ለባለቤቱ ሊነግረው ይገባ ነበር፤ ብረት የለበሰ ቤት ከጭቃና ከሣር ቤት ይልቅ የሽቦው ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

«ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚለው የመጨረሻው መሸሸጊያ ነው። በደብረ ታቦር ከተማ ብዙ ቤት ኮርኒስ አለው፤ አቡጀዲ የወጠረም፣ ችፑድ የመታም አለ። ግማሹ መንገድ ተሄዷል ማለት ነው። አቡጀዲ ትቢያ ይከለክላል እንጂ ብርድ አያግድም፤ ከላዩ ያለው ባዶ ቦታ ነው መሞላት ያለበት። የሚሞላውስ? ጭድ፣ ገለባ፣ የገብስ አገዳ፤ ይህ አገር ከምንም በላይ ያለው ነገር። ደረቁን ብቻውን መጎዝጎዝ ስህተት ነው፤ እሳትም አይጥም ይጠራል፣ ተቃዋሚዬ በዚህ ልክ ነው። ጀርመኖች ግን ገለባውን በቀጠነ ጭቃ ነክረው በግድግዳና በወለል ውስጥ ይሞሉታል። ጭቃው እያንዳንዱን አገዳ ስለሚለብጠው እሳት በቀላሉ አይዘልቀውም፤ አገዳው ደግሞ አየሩን እንደያዘ ይቀራል። አሜሪካ ነብራስካ ውስጥ ዛፍ ያጡ ሠፋሪዎች ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከታሰረ ገለባ ግድግዳ ሠሩ፤ አንዳንዱ ዛሬም ቆሟል። ጭቃን በጭድ ማቡካት ለእኛ ማንም አያስተምረንም። አዲስ የሚሆነው ጭቃውን ማቅጠንና ቦታውን ከግድግዳ ወደ ጣሪያ ማንሣት ነው። ክብደቱ የባሕር ዛፍ ማገሩን እንዳያጎብጥ ማስላት ያስፈልጋል፤ ከቆርቆሮው በታች ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት መተው ያስፈልጋል፤ ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

መሐንዲስ ደግሞ አለን። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የግንባታ ምሩቅ ያወጣል። ሁለት እኩል ክፍል ሠርቶ፣ በአንዱ ላይ እንደተለመደው ቆርቆሮ ብቻ፣ በሌላው ላይ ቆርቆሮና ጭቃ የለበሰ ገለባ አድርጎ፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ሌሊት ሙቀቱን መለካት ብዙ በጀት አይጠይቅም። የድምፁን ልኬት ለሐምሌ ይተወው። ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ ጥር ሳይወጣ ለአናጢዎችና ለትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ቢደርስ ጥሩ ነው፤ በእኛ አገር ቤት የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው፣ የትምህርት ቤት ጨረታ የሥራ ዝርዝርም የሚዘጋጀው ያኔ ነው፤ ኮርኒስ የምትለዋ መስመር መጀመሪያ የምትሰረዘውም እዚያው ላይ ነው።